በሰው ቦታ የተኛው ሽማግሌ

ሽማግሌው ቴን ቴካአይ ሞቶ የተገኘው በራሱ ቦታ አልነበረም። የእህቱ ልጅ ኔይ ካሮቱ መሞቱን ከማወቋ በፊት ያየችው ይህንን ነበር። ሐሙስ ማለዳ የሸንጎውን አዳራሽ ልትጠርግ ከዝቅተኛው የሣር ክዳን ሥር ጎንበስ ብላ ስትገባ፣ በምዕራብ በኩል ያለው የአጎቷ የዘወትር መቀመጫ ባዶ ነበር። አጎቷ በምሥራቅ በኩል፣ ሸንጎ ሲከፈት የመጀመሪያው ቃል በሚነገርበት ምሰሶ ሥር፣ ራሱን ወደ ምሰሶው እግሩን ወደ አዳራሹ መሐል አድርጎ ተዘርግቷል። ያ ቦታ የሙዚየሙ ዳይሬክተር የቴን ካቡናሬ ነው። በኑካባኔ ደሴት በሰው ቦታ መተኛት ይቅርና በሰው ቦታ ላይ እግርን ማሳረፍም ነውር ነው። «ጃጁ በቃ» አለች ለራሷ፤ ሰው ሳያየው ልትቀሰቅሰው ፈጠን ብላ ቀረበች። የሸፈነውን ምንጣፍ ስትገልጥ ግን ዓይኑ ክፍት ነበር፤ በዓይኑም ላይ ጉንዳን ይሄድ ነበር።

የኑካባኔ «የአባቶች መንደር» ሙዚየም ነው፤ ነገር ግን ዕቃ ብቻ ሳይሆን ሰውም የሚታይበት ሙዚየም ነው። ሠላሳ ያህል ሰዎች ያለ ብረት፣ ያለ ናይለን፣ ያለ ቆርቆሮ እንደ ቅድመ አያቶቻቸው፣ ወንዱን «ቴን» ሴቷን «ኔይ» ብለው እያከበሩ ይኖሩበታል፤ መርከብ ሲመጣም ጎብኚዎች አኗኗራቸውን ሊያዩ ይወርዳሉ። ለሰው ዓይን የሚኖሩት ኑሮ ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ጎብኚ ሲመጣ ይለበሳል፣ ሁለተኛው ጎብኚ ሲሄድ ይቀራል። የቴካአይ ሞት ምሥጢርም በእነዚህ ሁለት ፊቶች መካከል ተሰንቅሮ ነበር።

ኢንስፔክተር ኔይ ራኦቢያ ወሬውን በሬዲዮ የሰማችው፣ በሌላ ደሴት ሥራዋን ጨርሳ ወደ ዋና ከተማው ታራዋ ስትመለስ መርከብ ላይ ሆና ነው። ካፒቴኑ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ደሴቱን ከከበበው የኮራል አለት ውጭ መልሕቅ ጥሎ «ስምንት ሰዓት ላይ ባሕሩ ሲሞላ እነሣለሁ» አላት። «ወደ ታራዋ የሚሄደው ቀጣዩ መርከብ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። የሚታሰር ካለ ይዘሽው ነይ፤ ከሌለም ብቻሽን ነይ።»

ኮንስታብል ባኔሪ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ ጀልባዋን እየጎተተ ተቀበላት።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ኢንስፔክተር። ሥራው አልቋል።»

«ማን ጨረሰው?»

«እኔ ነኛ! ገዳዩ ታንኳ ሠሪው ኢዮቢ ነው። ከኮኮናት ግንድ ጋር ጥፍር አድርጌ አስሬዋለሁ።»

«ግንዱስ ምን አጠፋ?»

ባኔሪ ሊስቅ ሲል ፊቷን አይቶ ተወው። «በመጥረቢያው የስለት ማሰሪያ ገመድ ውስጥ ደም አግኝቻለሁ። ማክሰኞ ዕለት ከሟቹ ጋር ሲጯጯኹ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ትናንት አመሻሽ ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ ጸሎት ቤት ሲገባ እሱ አልነበረም።»

«ሌላ ያልነበረ አለ?»

«ዳይሬክተሩ ቢሮው ሆኖ ንግግር ሲጽፍ ነበር። ኔይ ካሮቱም ከሦስተኛው መዝሙር በኋላ ነው የገባችው። የቀረነው ሁላችንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብረን ነበርን።» ከዚያም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ሌላ ነገር አለ። ከሙዚየሙ ግድግዳ ሁለት የሻርክ ጥርስ ጎራዴዎች ጠፍተዋል።»

«ማን ወሰዳቸው?»

«የኔይ ካሮቱ ወንድሞች ሁለት ናቸው፤ ጎራዴውም ሁለት ነው። ኢዮቢ ገዳይ ተብሎ መርከብ ከወጣ ወንድሞቹን አያሳድሯቸውም። ካልወጣም እሱን ራሱን አያሳድሩትም።»

ኔይ ራኦቢያ መንደሩን ተመለከተች። ከየጎጆው ደጃፍ የተንጠለጠለው ምንጣፍ ሁሉ ወርዶ ተዘግቷል። ዓሣ የሚጠብስ እሳት የለም፤ ሕፃን አይጮህም። በባሕሩ ዳርቻ ሦስት ታንኳዎች ቆመዋል፤ ነገ ዓርብ በሚደረገው ሸንጎ ሊገኙ ከጎረቤት ደሴቶች የመጡት ሽማግሌዎች ታንኳዎች ነበሩ። የኢዮቢ ወንድሞች ታንኳዎቹን ተደግፈው ቆመዋል፤ ሁሉም ጀርባቸውን ለባሕሩ፣ ፊታቸውን ለመንደሩ ሰጥተዋል። እንዲህ ያለ አቋቋም የሚቆም ሰው የሚጠብቀውን ነገር ያውቃል።

ሬሳውን ማንም እንዳይነካው ባኔሪ አዝዞ ነበር፤ ይህ አንድ በጎ ሥራው ነው። ኔይ ራኦቢያ ተንበርክካ ለረጅም ጊዜ አየችው። የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል ተሰብሯል፤ ከበታቹ ባለው ምንጣፍ ላይ የነበረው ደም ግን ከጠብታ አይበልጥም። በሽበቱ ውስጥ የተጠቀለሉ ቀጫጭን የእንጨት ፍቅፋቂዎች ተሰክተዋል። ከራሱ ሥር ሌላ ምንጣፍ ታጥፎ እንደ ትራስ ተደርጓል። እጆቹ በሆዱ ላይ ተጣጥፈዋል። በወገቡ መታጠቂያ ውስጥም የተሰበረ የጥቁር ትምባሆ ግማሽ አገኘች፤ ስብራቱ አዲስ ነበር፤ ስታሸተውም የተለወሰበት የሸንኮራ ሞላሰስ ጣፋጭ ሽታ ነበረው። በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው።

«እትዬ ካሮቱ፣ ስታገኚያቸው እንዲህ ነበሩ?»

«አንዲት ጣት አልነካሁም። ምንጣፉን ብቻ ነው የገለጥኩት።» ሴትዮዋ ታስታውሰው ዘንድ የማትፈልገውን ነገር ስታስታውስ ከንፈሯን ነከሰች። «ያስደነገጠኝ መጀመሪያ አተኛኘታቸው ነው። እዚህ ባለቤት በቁመቱ ይተኛል፣ ራሱን ወደ ምሰሶው አድርጎ። እንግዳ ከሆነ በአግድም ይተኛል። ይሄንን የአምስት ዓመት ልጅ ያውቀዋል። አጎቴ በካቡናሬ ቦታ እንደ ቤታቸው በቁመት ተዘርግተው! አፍሬ ነበር እኮ… ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲያርሙ የኖሩ ሰው።»

«ትናንት እንዴት ዋሉ?»

«ከሰዓት በኋላ ገላቸውን ታጠቡ፣ የክብር ምንጣፋቸውን ታጠቁ፣ አንድ ሙሉ ትምባሆ ያዙ። የት ነው ስላቸው ‹ማስጠንቀቂያዬን ላደርስ› አሉኝ።»

«በእኛ ደሴት እንዲህ ያለ ነገር የለም።»

«በእኛ አለ። ነገ ዓርብ በሸንጎ ፊት የትውልዱን ሐረግና የየዘሩን ቦታ ሊናገሩ ነበር፤ በመቅጃም ሊቀዳ። ንግግሩ የሚነካው ቤተሰብ ካለ በአደባባይ እንዳያፍር አስቀድሞ ለብቻው ይነገረዋል። ትምባሆው ይሰበራል፤ ግማሹ ለሰሚው፣ ግማሹ ለተናጋሪው። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ አላውቅም፤ የሽማግሌዎች ነገር ነው።»

«ለማን ሊያደርሱ ነበር?»

«ይሄ ይጠየቃል እንዴ? ለሌላ ከተነገረ ማስጠንቀቂያ መሆኑ ይቀርና ሐሜት ይሆናል።»

«ጸሎት ቤትስ ለምን ዘገየሽ?»

ካሮቱ ቀና ብላ አየቻት። «ደመና ነበር። ለምንጣፍ ያሰጣሁትን ቅጠል ሳልሰበስብ ብሄድ የሁለት ወር ሥራዬ ይበሰብስ ነበር። አጎቴን ገድዬ ብዘገይ ኖሮ፣ እህቴ፣ ቀድሜ እገባ ነበር፤ ከፊተኛው ረድፍም እቀመጥ ነበር።»

ኢዮቢ ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። ከግንዱ ጋር ታስሮ እንኳን የሚያቀና ነገር እንደሚፈልግ ሁሉ ዓይኑ ወዲያና ወዲህ ይላል።

«ይኸው፣ በናይለን አሰረኝ» አላት ገና ሳትጠይቀው። «ሽማግሌው ቢያዩት ለእሱም ስብሰባ ይጠሩለት ነበር።»

«ማክሰኞ በምን ተጣላችሁ?»

«በናይለን ነዋ! ከታንኳው ሆድ ውስጥ፣ ማንም በማያየው በኩል፣ አንዲት ክንድ የምታህል ናይለን ገመድ አስገባሁ። በዳሰሳ አገኟት። ‹ጎብኚን ልታታልል ትችላለህ፤ ውኃን አታታልልም› ብለው በሰው ፊት አዋረዱኝ። እኔም ጮህኩ። ማታውን ፈትቼ በኮኮናት ገመድ አሰርኩት፤ ልክ ነበሩ። ልክ መሆናቸው ነው ያናደደኝ።»

«ትናንት አመሻሽ?»

«ከኮራሉ ላይ ዓሣ ሳጠምድ ነበርኩ። ብቻዬን። ዓሣዎቹ ይመስክሩልኝ እንዳልል በልቻቸዋለሁ።»

«መጥረቢያህን የት ተውከው?»

«እንደ ሁልጊዜው። ስለቱን በቅጠል ጠቅልዬ ከታንኳው ሥር አስተኛሁት፤ ፊቱን ወደ ባሕር አዙሬ። የተራቆተ ስለት ያደረበት ታንኳ ሰው ይበላል ይባላል።»

ኔይ ራኦቢያ ወደ ባኔሪ ዞረች። «አንተ ከየት አገኘኸው?»

«ከታንኳ ቤቱ መስቀያ ላይ፣ ኢንስፔክተር። ታጥቦ፣ በሥርዓት ተሰቅሎ። ስለቱ ወደ ውጭ።»

ኢዮቢ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ጠፋ። «መስቀያው? መስቀያውን ዳይሬክተሩ ነው ለፎቶ እንዲያምር የተከለው። ጎብኚ ሲመጣ እሰቅለዋለሁ፣ ሲሄድ አወርደዋለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጎብኚ መጥቶ ያውቃል? እኔ ለማን ብዬ እሰቅላለሁ?»

«ጠቅልለህ እንደምታስተኛው ማን ያውቃል?»

«የታንኳ ሠሪ ዘር የሆነ ያውቃል። ለሌላ አይነገርም። ካሮቱም ታውቃለች፤ መጠቅለያውን ቅጠል በየሳምንቱ የምታለሰልስልኝ እሷ ናት።» ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «ኢንስፔክተር፣ ለራሴ አይደለም። ወደ ታራዋ ብትወስጂኝም እኖራለሁ። ግን ታስሬ ከዚህ ዳርቻ በተነሣሁ በሰዓቱ ወንድሞቼ ያልቃሉ። ይሄንን እወቂው።»

ዳይሬክተር ካቡናሬ በዕቃ ማሳያው ክፍል ቆሞ ጠበቃት። ነጭ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩም እንደ ሸሚዙ ነበር። በውጭ አገር ስለ ሙዚየም ተምሮ የተመለሰ ሰው ነው፤ በሸንጎውም የመጀመሪያውን ቃል የመናገር ክብር ከአያቱ ወርዶለታል።

«ትልቅ ጉዳት ነው፣ ኢንስፔክተር። ከሽማግሌው ጋር አንድ ቤተ መጻሕፍት ተቀበረ። ሊቀዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው!»

«ምን ሊናገሩ እንደነበር ያውቃሉ?»

«አንዲት ቃል አልሰማሁም። ከቀኑ በፊት ለማንም አይናገሩም ነበር። ትናንትም ከቀትር ወዲህ አላየኋቸውም።»

«በእርስዎ ቦታ መገኘታቸውን እንዴት ያዩታል?»

«ግልጽ ነው» አለ ካቡናሬ፣ በሁለቱ ባዶ ሚስማሮች ሥር ቆሞ። «ገዳዩ እኔን ለማስጠላት አስተኛቸው። ኢዮቢ አይወደኝም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለው።»

ኔይ ራኦቢያ በክፍሉ ተዘዋወረች። ከመስተዋት በተሠራ ሳጥን ውስጥ የዓሣ ነባሪ አዳኞች ዘመን ዕቃዎች ተደርድረዋል፤ የሸክላ ፒፓ፣ ዶቃ፣ የተቆራረጠ ጥቁር ትምባሆ። «ቢከፍቱልኝ?»

ዳይሬክተሩ ከአንገቱ ያንጠለጠለውን ቁልፍ አውጥቶ ከፈተ። «ቁልፉ ያለው እኔ ዘንድ ብቻ ነው። ሳጥኑን ካደራጀሁት ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ አልተከፈተም።»

«ትምባሆው የዚያን ጊዜ ነው?»

«መቶ ሃምሳ ዓመት ያልፈዋል። እንደ ድንጋይ ደርቋል።»

ኔይ ራኦቢያ ወደ ሳጥኑ ጎንበስ ብላ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች፤ ቀና ስትልም ፊቷ ላይ ምንም አልታየም። «ይቆልፉት። ቁልፉን ለኮንስታብሉ ይስጡት። ጎራዴ የጠፋበት ቤት ነው፤ ሌላም እንዳይጠፋ።»

በሰባት ሰዓት ሽማግሌዎቹ በሸንጎው አዳራሽ ተሰበሰቡ። ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ቴን ሩቴቴ ጥርስ የላቸውም፤ ስለዚህም ይመስላል ቃላቸውን ለስልሶ እስኪወጣ ድረስ የሚያላምጡት። የሟቹ ሬሳ በምዕራብ በኩል፣ በለመደው ቦታ ተዘርግቷል። የካሮቱ ወንድሞች ከአጠገቡ ተቀምጠዋል፤ በጉልበታቸው ላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ አለ፤ በምንጣፉ ውስጥ ያለውን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ግን አይናገርም። ኢዮቢ እጁ እንደታሰረ በታንኳ ሠሪ ዘር ቦታ ተቀመጠ። ካቡናሬ በምሥራቁ ምሰሶ ሥር ተቀመጠ፤ ነገር ግን ጀርባውን ከምሰሶው አላስደገፈም።

ኔይ ራኦቢያ ከክዳኑ ጠርዝ ሥር ቆመች። «አባቶች፣ በዚህ አዳራሽ ቦታ የለኝም። ከሌላ ደሴት ነኝ፤ ሴትም ነኝ። ትፈቅዱልኛላችሁ?»

«ቦታ የሌለው ሰው ከሁሉም እኩል ይርቃል» አሉ ቴን ሩቴቴ። «ለፍርድ የሚሻለው እሱ ነው። ተናገሪ፣ ልጄ። አሳጥሪው ግን፤ መርከብሽ እንደኔ አይታገሥም።»

«ሟቹ እዚህ አልሞቱም። በፀጉራቸው ውስጥ የእንጨት ፍቅፋቂ አለ፤ እዚህም ደም የለም። የሞቱት በታንኳ ቤቱ ነው፤ የተመቱትም በኢዮቢ መጥረቢያ ነው።»

ከምንጣፉ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ባኔሪ አንድ እርምጃ ወደፊት ቀረበ።

«ገዳዩ መጥረቢያውን አጠበው፤ ወደ ቦታውም መለሰው። ማንም እንዳነሣው እንዳይታወቅ ፈልጎ ነበርና፣ ‹ቦታው ይህ ነው› ብሎ ካመነበት ላይ አኖረው፤ ከመስቀያው ላይ። ኢዮቢ፣ መስቀያው ቦታው ነው?»

«የጎብኚ ቦታው ነው።»

«ኢዮቢ ቢሆን ኖሮ ጠቅልሎ ከታንኳው ሥር ያስተኛው ነበር፤ ሰቅሎ መተዉ በራሱ ላይ ዓይን መጥራት ነውና። እትዬ ካሮቱም ጠቅልላ ታስተኛው ነበር፤ ቅጠሉን የምታለሰልሰው እሷ ናት። የሰቀለው ሰው የታንኳ ቤቱን የሚያውቀው ለጎብኚ እንደሚታየው ብቻ ነው። ጸሎት ቤት ካልነበሩት ከሦስቱ እንዲህ የሚያውቀው አንድ ነው።»

ካቡናሬ ፈገግ አለ። «ኢንስፔክተር፣ በመስቀያ ሰው ይታሰራል?»

«ኢዮቢ በመጥረቢያ ታስሮ የለ? ይታገሡኝ። ገዳዩ ሬሳውን ተሸክሞ ወደዚህ አመጣው፤ ሽማግሌ በእንቅልፉ ሞተ እንዲባል። ታዲያ በለመዱት በምዕራቡ ቦታ ለምን አላስተኛቸውም?»

«ተናግሬያለሁ። እኔን ለማስጠላት።»

«እርስዎን ሊያስጠላ የፈለገ ሰው ቦታው የእርስዎ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው እንግዳን በባለቤት ቦታ እንዴት ያስተኛል? አባቶች፣ እናንተው ንገሩት።»

«በአግድም» አሉ ሽማግሌዎቹ በአንድ ድምፅ።

«ሟቹ በቁመት ተኝተዋል። ራሳቸው ወደ ምሰሶው፣ ትራስ ተደርጎላቸው፣ እጃቸው ተጣጥፎ፣ ተሸፍነው። ያስተኛቸው ሰው ያ ቦታ የቴካአይ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ነው።»

አዳራሹ እንደ ንብ ቀፎ አጉረመረመ። ካሮቱ «የኛ?» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

«የእህታቸው ልጅ እንኳን ይህንን አታውቅም ነበር። እሳቸው ግን ትናንት ለአንድ ሰው ነግረውታል፤ ነገሩ ለሚነካው ሰው። ትምባሆ ሰብረው ግማሹን ሰጥተውታል።» ግማሹን ትምባሆ አውጥታ በመሐል ምንጣፍ ላይ አኖረችው። «ይህ ከወገባቸው የተገኘው ነው። ባኔሪ፣ ሳጥኑን ክፈት፤ በስተቀኝ በኩል፣ ከፒፓው ሥር ያለውን አምጣ። መቶ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ትምባሆ ሞላሰስ አይሸትም።»

ባኔሪ ሮጦ ሄዶ ሁለተኛውን ግማሽ ይዞ ተመለሰ። የባሕሩ ድምፅ ወደ አዳራሹ ቀርቦ ነበር፤ ውኃው እየሞላ ነው። 

ቴን ሩቴቴ ሁለቱን ግማሾች ተቀብለው ገጠሟቸው። ስብራቱ ከስብራቱ ጋር እንደ ጥርስ ገባ።

«አልጣልከውም» አሉ ቀስ ብለው።

«መጣል ፈራሁ» አለ ካቡናሬ። የተተኮሰው አሁን ሸሚዙ ብቻ ነበር፤ ንግግሩ አልነበረም። «ማቃጠልም፣ ባሕር ውስጥ መወርወርም ፈራሁ። ስለነዚህ ነገሮች ለጎብኚ ሳስረዳ እየሳቅሁ ነው። ትናንት ግን… በምዕራቡ ላስተኛቸው አምጥቻቸው ነበር። እዚያ ደርሼ መልቀቅ አቃተኝ። ‹ቦታዬ የቱ እንደሆነ ነግሬሃለሁ› የሚሉኝ መሰለኝ።»

«ምን አሉህ፣ ልጄ? ከባሕር እንደመጣህ?»

«አያቴን ማዕበል እንዳመጣው። ዘር እንደሌለን። የመጀመሪያው ቃል ቦታ የእነሱ እንደሆነና አያቴ እንደተዋሰው። ዓርብ ዕለት በአገር ሁሉ ፊት፣ ጎብኚ በሞላበት፣ በመቅጃ! እኔ በሠራሁት አዳራሽ! ከዚያም ትምባሆውን ሰብረው ‹ግማሹን ያዝ› አሉኝ። ዛቻ ነው። ‹ዕዳህን አትርሳ› ማለታቸው ነው። መጥረቢያውን ከታንኳው ሥር ሳብኩት፤ ቅጠሉ ወደቀ፤ ከመስቀያው ሳይሰቀል የተረሳ መስሎኝ ነበር፤ ቅጠል የሚጠቀለልለት ለምን እንደሆነ እንኳን አላሰብኩም።»

ሽማግሌው የተገጠመውን ትምባሆ ከፍ አድርገው ለሸንጎው አሳዩ።

«በልጅነቴ አንድ ጊዜ አይቻለሁ» አሉ። «ግማሹ የሚሰጥህ ልትመልሰው ነው። በሸንጎ መሐል ወስደህ ከእሱ ግማሽ ጋር ትገጥመዋለህ። ከተገጠመ ውሰቱ ይታደሳል፤ ቦታው ለአንተም ለልጅህም ይጸናል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አያነሣውም። ቴካአይ ቦታ ሊቀማህ አልመጣም። ዕድሜው እንዳለቀ አውቆ፣ እሱ ሲሞት የሚጠይቅህ እንዳይኖር፣ በምስክር ፊት ሊያጸናልህ ነበር የመጣው። ለዚህ ነው የክብር ምንጣፉን የታጠቀው።»

ካቡናሬ ከምሥራቁ ምሰሶ ፈቀቅ አለ።

«የባሕር ነገር ደግሞ…» ቴን ሩቴቴ በአዳራሹ ዙሪያ የተቀመጡትን በእጃቸው አመለከቱ። «እኔ ከባሕር ነው የመጣሁት። ኢዮቢ ከባሕር ነው የመጣው። በዚህች አሸዋ ላይ ከባሕር ያልመጣ ሰው ካለ ተነሥቶ ይናገር። ይህንን ሁሉ ዓመት ስለ እኛ ለፈረንጅ ስታስረዳ፣ አንዲት ቀን ቁጭ ብለህ ብትጠይቀን ምን ነበረበት?»

ባኔሪ የኢዮቢን እጅ ፈትቶ በዚያው ገመድ ካቡናሬን ሊያስር ሲል ኔይ ራኦቢያ ከለከለችው። «አይሸሽም» አለች። «የት ይሄዳል?»

ወደ ዳርቻው ሲወርዱ መንደሩ ሁሉ ከየጎጆው ወጥቶ ቆሞ ነበር። ካቡናሬ ጀልባዋ ጋ ሲደርስ፣ ከልማድ የተነሣ ይመስላል፣ ወደ ካሮቱ ዞረ።

«ነገ ነጩ የጎብኚዎች መርከብ ይመጣል። ሁለት መቶ ጎብኚ ነው። ማን ይቀበላቸዋል?»

«ማንም። ለቅሶ ላይ ነን።»

«ካሮቱ፣ ሁለት መቶ ሰው…»

«ይምጡ። እንዴት እንደምንኖር ሊያዩ አይደል የሚመጡት? እንዴት እንደምናለቅስም ይዩ። አንተ ግን አታስረዳቸውም።»

ጀልባዋ ተገፋች። ኔይ ራኦቢያ ዘወር ብላ ስታይ የካሮቱ ወንድሞች ከኢዮቢ ፊት ቆመዋል፤ ምንጣፉ ገና በታላቁ ብብት ሥር ነው፤ የኢዮቢ ወንድሞችም ከታንኳዎቹ ተነሥተው ቀርበዋል። ባኔሪ እጁን ወደ ዱላው ሰደደ። 

«የታሰርክበት ያምሃል?» አለ ታላቁ፣ ዓይኑን ሳያነሣ።

«ከናንተ ሐዘን አይበልጥም።»

«መቃብሩ ዛሬ ካልተቆፈረ ነገ ሙቀቱ አይምረንም። እኛ ሁለት ነን።»

ኢዮቢ የቆሰለውን አንጓውን አሻሸ። ከዚያም ወደ ቢሮው ጀርባ ሄደ፤ ከጎብኚ ዓይን ተደብቆ የሚኖረውን የብረት አካፋ በትከሻው አድርጎ በመንደሩ መሐል ተመለሰ። ማንም አልተቆጣውም። መርከቢቱ ኮራሉን ስታልፍ ሦስቱ ሰዎች በአንዱ አካፋ እየተፈራረቁ ይቆፍሩ ነበር።